744 ወይስ 7440? ከጅማ የቡና መዝገብ የተወሰደ የዕውቀት አስተዳደር ጉዳይ ጥናት

ከጅማ ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ መልኮ ይደረሳል። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,753 ሜትር ላይ። ከዚህ ግቢ ወጥተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተሠራጩት የቡና ዝርያዎች መካከል አሥራ ሦስቱ የሚጠሩት በቁጥር ነው፦ 741፣ 744፣ 7440፣ 7454፣ 7487፣ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158፣ 74165፣ 754 እና 75227።

ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተሰጡ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ የቀሩት ደግሞ በዚያ ዓመት የደረሰውን ተራ ይናገራሉ። 74110 ማለት እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመዘገቡት ዛፎች 110ኛው ነው። 754 ደግሞ የ1975 አራተኛው። ዘመኑ የፈረንጅ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በእኛ አቆጣጠር 1974 ዓ.ም. ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ታሪኩን ስምንት ዓመት ያህል ያዛንፈዋል።

በድርጅቶቻችን የዕውቀት አስተዳደር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሶፍትዌር መግዛት፣ ድረ ገጽ መክፈት ወይም በአዳራሽ የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። የመልኮው ሥራ፣ ማለትም በሽታ የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን መርጦ መመዝገብ፣ የተጀመረው በየጠረጴዛው ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ነው። የነበረው ደብተር፣ ጠንካራ ልማድ እና ምን ማወቅ እንደሚፈለግ በግልጽ የተቀመጠ ጥያቄ ነበር። ያ ሥራ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ምን እንዳጸናው ለማየት ብቻ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ተሰብሯል፤ የተሰበረበት ቦታ ደግሞ ከቡና ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው መሥሪያ ቤቶችም በየቀኑ የሚሰበር ነው።

በሽታው

የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት፣ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ በሚባል ፈንገስ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁርና ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነጥብ ይወጣበታል፤ ነጥቡ እየሰፋ ይሄዳል፤ ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ደርቆና ጠቁሮ ይቀራል። ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል። ስለዚህ ከፍ ባለና ዝናብ በማይለየው ቦታ ላይ ክፉ ነው፤ በማይቋቋም ዛፍ ላይ በመጥፎ ዓመት ምርቱን ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል።

ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ወቅት ደጋግሞ መርጨትን ይጠይቃል። ለሰፋፊ እርሻ ይህ ወጪ ነው፤ ለጅማ፣ ለከፋና ለኢሉባቦር ገበሬ ግን የማይታሰብ ነበር። ቡናው ያለው በጓሮና በጫካ ጥላ ሥር ተበታትኖ ነው። መርጫው፣ መድኃኒቱና ጉልበቱ ከየት ይመጣል? የተለመደው የዝርያ ማሻሻያ መንገድም ተስፋ አይሰጥም ነበር። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪያሳይ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈጃል፤ አዳቅሎ፣ ትውልድ ጠብቆ፣ መርጦ፣ ደግሞ ጠብቆ ለገበሬ ማድረስ አሥርት ዓመታትን ይበላል።

ሀገሪቱ የነበራት አንድ ሀብት ነው፦ የዐረቢካ ቡና መነሻ እዚሁ መሆኑ። በሌላው ዓለም የሚበቅለው ዐረቢካ በአብዛኛው ከጥቂት ዛፎች የተባዛ፣ እርስ በርሱ የተቀራረበ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን አንድ ጓሮ ውስጥ ያሉ ዛፎች እንኳ በቅጠል፣ በቁመት፣ በፍሬ መጠን ይለያያሉ። በሽታን በመቋቋምም እንዲሁ።

ዕውቀቱ የነበረበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1973 በመልኮ የተጀመረውና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች የተሳተፉበት የምርጫ ሥራ የተመሠረተው ዓይን በሚያየው ነገር ላይ ነበር። በሽታው በገባበት ጓሮ አንዱ ዛፍ ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ፣ ቅርንጫፉ የሚነካው ጎረቤቱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። የትኛው ዛፍ በየዓመቱ ንጹሕ እንደሚሆን ከማንም በፊት የሚያውቀው ባለ ጓሮው ነው። ጠዋት ማታ ሥሩ የሚመላለስበት፣ ሲለቅም በእጁ የሚነካው እርሱ ነውና።

በዕውቀት አስተዳደር ሙያ ቋንቋ ይህ ስውር ዕውቀት ይባላል። ባለቤቱ ያውቀዋል፣ ይሠራበታል፣ ግን አልጻፈውም፤ ካልተጠየቀም አይናገረውም። ድርጅቶች ውስጥ ያለው ዕውቀት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። የየትኛው ደንበኛ ክፍያ እንደሚዘገይ የሚያውቅ ገንዘብ ያዥ፣ የትኛው ጄኔሬተር በክረምት እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ጥበቃ፣ የትኛው መዝገብ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከማውጫው ይልቅ በጭንቅላቷ የያዘች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አሉ። የዕውቀት አስተዳደር ፈተናው ይህን ከሰው መንጠቅ አይደለም። ሌላ ሰው ሊመረምረውና ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ማስቀመጥ ነው።

የመልኮ ተመራማሪዎች ምልክቱን እንዳዩ አላመኑትም፤ በዚህ ቦታ ላይ ረጋ ብዬ ማተኮር እፈልጋለሁ። አንድ ዛፍ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ምናልባት በሽታው በዚያ ወቅት አልደረሰበት ይሆናል። ምናልባት ያን ዓመት ፍሬ የያዘው ጥቂት ነው። ምናልባት ጥላው ወይም ነፋሱ ረድቶት ይሆናል። ስለዚህ ፈተናው ተደራረበ። ከዛፉ ላይ አረንጓዴ ፍሬ ተቀጥፎ የፈንገሱ ዘር ያለበት ውኃ ይረጭበትና እርጥበት በታመቀበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይጠቁር አይጠቁር ይታያል። በዛፉ ላይ እንዳለ ያለው ፍሬም እንዲሁ ይረጫል። ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ ይበልጥ ብልህነት ያለበት ነው። ከዛፉ ዘር ተወስዶ ይበቅላል፤ ቡቃያው የቡናውን ዘር አናቱ ላይ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ቅጠሉ ሳይከፈት፣ ግንዱ ላይ ፈንገሱ ይረጫል። የማይቋቋመው በሳምንታት ውስጥ ጠቁሮ ይሞታል። የሚቋቋመው ይተርፋል። በዚህ መንገድ ዛፉ ራሱ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም መቋቋማቸው ዓመታት ሳይጠበቅ ይታወቃል። ከዚያም በሽታው በሚበረታባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በጌራ፣ ተተክሎ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ለገበሬ ወጡ። ሥራው ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር ያለፈው። ለዛፍ ሰብል ይህ እጅግ ፈጣን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ቁጥሩ የተሰጠው ዛፉ ማለፉ ከታወቀ በኋላ አይደለም፤ ገና ሲመረጥ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ሙሉውን ታሪክ አትርፎታል። ዝርዝሩን እንደገና ተመልከቱ። ከ74112 ቀጥሎ ያለፈው 74140 ነው። በመካከል ሃያ ሰባት ዛፎች አሉ፤ ተመርጠው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ እስከ መጨረሻው ሳይዘልቁ የቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ቢያንስ 165፣ በ1975 ቢያንስ 227 ዛፎች መመዝገባቸውን ያለፉት ቁጥሮች ራሳቸው ይነግሩናል። ያልተሳካው ሙከራም ቦታውን እንደያዘ ነው። በስንት ድርጅቶቻችን ነው ያልተሳካ ሥራ ቁጥር የሚሰጠው? ያሸነፍንበት ጨረታ ፋይል በክብር ይቀመጣል፤ የተሸነፍንበት ጨረታ ሰነድ ግን የት ገባ? የቀጠለው ፕሮጀክት ሪፖርት ይታተማል፤ የተቋረጠው ለምን እንደተቋረጠ የሚያውቀው አስተባባሪው ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለቋል። የቀረውን ያልመዘገበ መሥሪያ ቤት ያንኑ ስሕተት በአዲስ በጀት ይደግመዋል።

ስም ሲለወጥ

የመዝገቡ ጥንካሬ የተፈተነው በሥራው መካከል ነው። አብዛኞቹ ዛፎች በተመረጡበት ዓመት የየካቲት አብዮት ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ቡናው የነበረበት መሬት ባለቤትነቱ ተለወጠ። ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ኋላም ክልልና ዞን መጣ። ጅማ የከፋ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ናት። ምርምሩን የሚመራው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተብሎ ተቋቋመ፤ በ1997 የግብርና ምርምር ድርጅት ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ኢንስቲትዩት። በእነዚህ ለውጦች መካከል ስንት ማኅተም፣ ስንት የደብዳቤ ቁጥር፣ ስንት የፋይል አከፋፈል እንደተቀየረ መገመት አይከብድም።

74110 ግን ዛሬም 74110 ነው። የተመረጠው ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ከምትገኘው ቢሻሪ ነው፤ 74112፣ 74148 እና 74165 የመጡትም ከዚያው ነው። ቁጥሩ የተሰጠው በቦታው አስተዳደራዊ ስም፣ በመራጩ ሰው ስም ወይም በተቋሙ ምህጻረ ቃል ቢሆን ኖሮ አንዱ ለውጥ ያደናግረው ነበር። በዓመትና በተራ ብቻ ስለተሰጠ የሚያረጅበት ነገር የለውም። ፋይሎቻቸውን በዳይሬክቶሬት ስም የሚያደራጁ መሥሪያ ቤቶች መዋቅር በተለወጠ ቁጥር የሚደርስባቸውን ግርግር ያየ ሰው የዚህን ጥቅም በሚገባ ይረዳል።

ዛሬ የውጭ ቡና ቆይዎች በማሸጊያቸው ላይ 74110 እና 74112 ብለው ያትማሉ። ቡናውን በውድ የሚገዛው የሩቅ ሀገር ሰው ቁጥሩን ያውቀዋል።

የተሰበረበት ቦታ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለ አንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የራሱ ችግኝ ጣቢያ አለው። ስሙን አልጠቅስም። መደቦቹ በሣር ዳስ ጥላ ሥር ተደርድረዋል፤ በየመደቡ ጫፍ በእንጨት ላይ የተመታ ትንሽ የቆርቆሮ ታፔላ ቆሟል፤ ቁጥሩ በቀለም ብሩሽ የተጻፈ ነው። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቀለሙ ከቆርቆሮው እየተላጠ ይረግፋል። አንዱ ታፔላ ላይ 744 የሚለው በግልጽ ይነበባል፤ ከአጠገቡ ግን አንድ ክብ ነገር የነበረ የሚመስል ጥላ አለ። ዜሮ ይሁን የቀለም ጠብታ መለየት አይቻልም።

744 እና 7440 ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ የ1974 አራተኛውና አርባኛው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአንዲት ዜሮ የተንጠለጠለ ነው።

በክረምቱ መግቢያ፣ ችግኝ በሚሠራጭበት ወቅት፣ አንድ አረጋዊ ገበሬ ችግኝ ሊወስዱ መጡ። የጣቢያው ኃላፊ ወጣት ነው። ንግግራቸውን እንደሰማሁት ላስፍረው።

«ሐጂ፣ የትኛውን ልስጥዎት?»

«ቀደም ብዬ ከዚሁ የወሰድኩትን ስጠኝ፣ ልጄ። ፍሬው ሳይጠቁር ይደርሳል። ከወንዙ ዳር ያለው እንኳ አልተነካም።»

«ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«ቁጥር የነገረኝ የለም። አንተ ዘንድ አልተጻፈም?»

«ያን ጊዜ ሌላ ሰው ነበር ኃላፊው። ደብተሩን እኔ አልተረከብኩም፣ ሐጂ።»

ሐጂ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም መደቦቹን እየዞሩ ቅጠሉን በጣታቸው እያሻሹ ተመለከቱ። ችግኝ ሳለ በዓይን መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። 74110፣ 74112፣ 74148 የመሳሰሉት ቅርንጫፋቸው የተጠጋጋ፣ ቁጥቋጦ መሰል ዓይነቶች አድገው እንኳ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በመጨረሻ ኃላፊው ከመረጠላቸው መደብ ወስደው ሄዱ።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የጠፋውን ነገር ላስላው። ሐጂ ዓመታት የወሰደ ሙከራ አካሂደዋል፤ በራሳቸው መሬት፣ በራሳቸው ጉልበት፣ በሽታው በሚበረታበት የወንዝ ዳር እርጥበት ላይ። ውጤቱም ታውቋል። ከዝርያው ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ክር ስለተበጠሰ ግን ያ ውጤት ለእርሳቸውም፣ ለማኅበሩም፣ ለመልኮም የማይጠቅም ሆነ። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ቅርንጫፋቸው የተጠጋጋ ዝርያዎች ተቀራርበው ሊተከሉ ይችላሉ፤ እንደ 744 ያሉት ሰፊ ክፍት ቅርንጫፍ ያላቸው ግን የበለጠ ርቀት ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ሲሳሳት የተከላው ርቀትም ይሳሳታል፤ ያ ስሕተት ዛፉ እስካለ ድረስ ይኖራል። ዐረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚዳቀል ከንጹሕ ዛፍ የተወሰደ ዘር እናቱን ይመስላል፤ ቁጥሩ በዘር በኩል ሊተላለፍ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተደባለቀ ማሳ ላይ ለቅሞ ዘር ያዘጋጀ ማኅበር ግን በየዓመቱ ድብልቁን ያበዛዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአካባቢው ሰው ሁሉንም «ምርጥ ዘር» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የቀድሞው ኃላፊ ሲለቅ ምን እንደተደረገ ጠየቅሁ። ክሊራንስ ተሠርቶለታል። አካፋው፣ ጋሪው፣ የውኃ ማጠጫው፣ የፕላስቲክ ጥቅሉ ተቆጥሮ በሞዴል ተመላሽ ሆኗል፤ ንብረት ክፍል ፈርሟል፤ ሂሳብ ክፍል ፈርሟል። የትኛው መደብ ምን ዝርያ እንደሆነና ለማን እንደተሰጠ የተጻፈበት ደብተር ግን የንብረት ቁጥር አልነበረውም። በገንዘቡ የገዛው ተራ የተማሪ ደብተር ነበር። ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም ለማን እንደሚያስረክብ የነገረው የለም። ሰውየው ቅንና ትጉህ ነበር፤ ደብተር መያዝ ግዴታው ሳይሆን የራሱ ጥንቃቄ ነው። ድርጅቱ ግን የአካፋውን ዋጋ ያውቃል እንጂ የደብተሩን አያውቅም ነበር።

ይህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ብቻ ችግር አይደለም። በትላልቅ ቢሮዎች ያለው ክሊራንስ ወንበርን፣ ላፕቶፕንና የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን ይጠይቃል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ምን እንደሚያውቅ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለበትም። የሥራ ርክክብ ቃለ ጉባኤም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የፋይል ብዛት ዝርዝር ነው።

ምን ተደረገ

የማኅበሩ አመራር ችግሩ ሲነገረው መጀመሪያ ያሰበው ኮምፒውተር ስለመግዛት ነበር። መብራት በሚቆራረጥበት፣ መረጃውን የሚያስገባ ቋሚ ሠራተኛ በሌለበት ጣቢያ ያ ማሽን በአቧራ ተሸፍኖ ይቀር እንደነበር አልጠራጠርም። መፍትሔውን ያመጣችው የማኅበሩ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። በባንክ ቼክ ላይ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል፤ አንዱ ቢደበዝዝ ወይም ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። ታፔላውም እንዲሁ ይሁን አለች። አሁን በየመደቡ ሁለት ጫፍ ታፔላ አለ፤ ቁጥሩ በቀለም ሳይሆን በምስማር ተበስቶ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ከሥሩም «ሰባ አራት፣ ተራ አርባ» ተብሎ በፊደል ሰፍሯል። አኃዙ ቢጠፋ ፊደሉ አለ።

ሁለተኛው ለውጥ በደረሰኙ ላይ ነው። ቀድሞ «የቡና ችግኝ» ተብሎ ብዛትና ዋጋ ብቻ ይጻፍ ነበር፤ አሁን የዝርያው ቁጥር ይጨመርበታል። ደረሰኝ ቁጥርና ካርቦን ቅጂ አለው፤ ኦዲተር ይጠይቀዋል፤ ስለዚህ አይጠፋም። ዕውቀቱን ድርጅቱ አስቀድሞ በጥንቃቄ ከሚጠብቀው ነገር ላይ ማሳፈር ማለት ይህ ነው፤ ለአዲስ ቅጽ አዲስ ዲሲፕሊን ከመለመን እጅግ ይሻላል። ደብተሩም የንብረት ቁጥር ተሰጥቶት በክሊራንስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የጣቢያው ኃላፊ ሲቀየር ያለ እርሱ ፊርማ አያገኝም።

ሁሉም አልተሳካም። ቀድመው የተተከሉትን ማሳዎች ወደ ኋላ ሄዶ መለየት አልተቻለም። የሐጂ ወንዝ ዳር ያሉ ዛፎች ቁጥር ዛሬም አይታወቅም።

የመመለሻው መንገድ

ከመልኮ ወደ ገበሬው የሚወስደው መንገድ ይህን ያህል ቢጠገንም፣ ከገበሬው ወደ መልኮ የሚመልሰው መንገድ ጠባብ ነው። ይህ በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው። ሥራው የተጀመረው ከገበሬው ጓሮ በተወሰደ ዕውቀት ነበር፤ ዝርያዎቹ ከወጡ በኋላ ግን ገበሬው ተቀባይ ብቻ ሆነ።

ተቋሙ ራሱ ከመመለሻው ትምህርት ያገኘበት ጊዜ አለ። ከጅማና ከአካባቢው የተመረጡት ዝርያዎች በሲዳማ፣ በይርጋጨፌ፣ በወለጋና በሐረር ሲተከሉ በየቦታው እንደታሰበው አልተስማሙም፤ የየአካባቢውን ልዩ ጣዕምም አልሰጡም። ለገዢው የሐረር ቡና የሐረር ጣዕም ከሌለው የሐረር አይደለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የየአካባቢውን ነባር ቡና ከዚያው መርጦ ለዚያው የማልማት ፕሮግራም ተጀመረ። አንጋፋ፣ ፋያቴ፣ ኦዲቻና ኮቲ ለሲዳማና ለይርጋጨፌ፣ ሐሩ 1፣ ጫላ፣ መነሲቡና ሰንዴ ለወለጋ፣ ቡልቱምና መቻራ 1 ለሐረርጌ የወጡት ከዚህ ሥራ ነው። በሽታን መቋቋም አንድ ጥያቄ ነው፤ በቦታው መስማማት ሌላ። የመጀመሪያው መዝገብ የመለሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ እንዲነሳ ዝርያው ሄዶ፣ ተተክሎ፣ ቅሬታው ተመልሶ መምጣት ነበረበት። ያ መንገድ አጭር ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ቀደም ብሎ ይነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ በማኅበሩ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አሁን ሌላ ነገር ተጨምሯል። ቀድሞ ችግኝ የወሰደ ገበሬ ተመልሶ ሲመጣ ኃላፊው ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ ስንቱ ጸደቀ፣ ፍሬው ጠቁሯል ወይ፣ ከሌላው ቀድሞ ይደርሳል ወይስ ይዘገያል። መልሱ ከዝርያው ቁጥርና ከማሳው ቦታ ጋር በደብተሩ ይሰፍራል። የመጀመሪያዎቹ መልሶች አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዱ «ደህና ነው» ከማለት አያልፍም። ኃላፊው ግን እየተማረ ነው። «ደህና ነው» ሲሉት «ከቤቱ ጀርባ ያለውስ? ከታች ያለውስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ገበሬው ዛፍ በዛፍ ይተርክለታል።

ያልተፈታው ይህ መልስ ከማኅበሩ ደብተር ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የሚሞላው ሪፖርት የተሠራጨውን ችግኝ ብዛት ይጠይቃል፤ በየቁጥሩ የታየውን የሚያሰፍርበት ዓምድ የለውም። ማኅበሩ በየዓመቱ ለቀማው ሲያበቃ፣ ጥር ላይ፣ የደብተሩን ቅጂ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለመልኮ ለመላክ ወስኗል። ቅጂውን በየትኛው ክፍል የትኛው ባለሙያ እንደሚረከብ፣ መልስ መስጠትስ የማን ሥራ እንደሚሆን ገና እየተነጋገሩበት ነው። ስምና የሥራ መደብ ተጠቅሶ በደብዳቤ እስኪወሰን ድረስ የመጀመሪያው ቅጂ በማኅበሩ ሊቀመንበር እጅ ይቆያል።